በ2019 ዓ.ም. ክርስትና፣ ሠርግና ሙት ዓመት ተደራረቡብን፤ ቀንና ልክ ንገሩኝ

የአዝዋ ገደል ልጅ (ደሴ)

እንደምን ከረማችሁ። በመጪው 2019 ዓ.ም. ቤታችን አምስት ነገር ገጥሞታል። የወንድሜ ሚስት ነሐሴ 10 ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ ክርስትናዋ በ80 ቀን ነው። እናቴ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ስለት አለባት፣ አራሷም አብሬ ልሂድ ትላለች። የማርያም ማኅበራችን ጽዋ ለኅዳር 21 እኛ ጋ ደርሷል። ታናሽ እህቴ በተክሊል ልታገባ ነው፤ ሽማግሌዎቹ «ጥር ወይም የካቲት» ብለው ቀን ሳይቆርጡ ተለያዩ። የአያቴ ሙት ዓመት ደግሞ የካቲት 12 ይውላል።

ለሠርጉ 300 ሰው እንጠራለን። ከነዚህ 90ው በአባቴ በኩል ያሉት ሙስሊም ዘመዶቻችን ናቸው፤ ከሐርቡና ከከሚሴ ይመጣሉ። ለሙት ዓመቱ 150፣ ለክርስትናው 60 ሰው ይበቃል። በ2019 ፋሲካ ስለሚርቅ የካቲት ሰፊ ነው ብዬ ሠርጉን እሑድ የካቲት 7 ላደርገው አስቤ ነበር። ከማናቸውም ወገን ቅር የሚለው ሰው እንዳይኖር እስቲ ተመልከቱልኝ።

ጦሳ ሥር

እህቴ፣ የካቲት 7 አይሆንም።

2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን በሚወጣበት ስሌት፣ በባሕረ ሐሳብ፣ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7። መጥቅዑ ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት 7 ቅዳሜ ይውላል። የቅዳሜ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር) 8 ነው፤ 7 እና 8 ሲደመር መባጃ ሐመር፣ ማለትም ነነዌ የምትገባበት ቀን ቁጥር፣ 15 ይሆናል። ስለዚህ ነነዌ ሰኞ የካቲት 15 ትገባለች፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24። በ2018 ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ነበር የገባው፤ ሃያ ቀን ሙሉ ወደፊት ተገፍቷል። የካቲት ሰፊ የመሰለሽ በዚህ ነው።

ግን ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደ ኋላ እየመጣ ነው። በ2019 የሚገባው የካቲት 1 ገደማ ነው፤ አንድ ቀን ከፍ ዝቅ የምታደርገው ጨረቃ ናት። ዒዱ የካቲት 30 ወይም መጋቢት 1 ላይ ይወድቃል፤ በዚያን ጊዜ እናንተ ዐቢይ ጾም ገብታችኋል። የነሱ ጾም ሲፈታ የናንተው ተያይዟል ማለት ነው። የካቲት 7 ብትደግሺ 90 ሰው ጾመኛ ሆኖ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይም ይቀራል። ሁለቱም ያስቀይማል።

ለሁለቱም ወገን ፍስክ የሆነው ጊዜ ከገና እስከ ጥር 30 ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ እሑዶቹ ጥር 2፣ 9፣ 16፣ 23 እና 30 ናቸው። ጥር 2ን ተዪው፤ ገና ሐሙስ ታኅሣሥ 29 ስለሆነ ጠላውም ሆነ በርበሬው በጾሙ መሐል መሠራት ይኖርበታል፣ ላሊበላ የወረደ ዘመድም ገና መንገድ ላይ ነው። ጥር 9 ከሁሉም የባሰ ነው፤ ማግስቱ ከተራ፣ ጋድ (የበዓል ዋዜማ ጾም) ነው፣ የተረፈው ወጥ አይበላም፣ ካህናቱም እስከ ጥር 12 ከታቦት ጋር ናቸው። ጥር 16 ያዢ። መልሱን ማክሰኞ ጥር 18 አድርጉት፤ ረቡዕ ጾም ነው። ጥር 23 መጠባበቂያ ይሁን። ጥር ካለፈባችሁ ያለው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ የማይጾምበት ሃምሳ ቀን ስለሆነ ለምግቡ ይመቻል፣ ነገር ግን የበልጉ ዝናብ ድንኳኑን ያስቸግራል።

ክርስትናዋ፦ ነሐሴ 10ን አንድ ብለሽ ስትቆጥሪ ጳጉሜን 5 ቀን ጨምሮ 80ው ማክሰኞ ጥቅምት 24 ይሞላል። ብዙ ሰው ጳጉሜን ይረሳና አምስት ቀን ይስታል። ቀኑ ተክለ ሃይማኖት ነው፣ ጾም አይደለም፤ ለ60 ሰው ሁለት በግ ከምስር ወጥ ጋር ይበቃል።

አራሷን ግን ግሸን አትውሰዷት። መስከረም 21 ላይ ገና 47ኛ ቀኗ ነው፤ 80 ሳይሞላ ቤተ መቅደስ አትገባም። አምባው መውጫው አንድ በር ነው፣ ሕዝቡ ይጨናነቃል፣ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ጨቅላ ይዞ የሚወጣበት አይደለም። ስለቱን እናትሽ ያድርሱ።

ኅዳር 21 ጾመ ነቢያት ገብቷልና ጽዋው የጾም ነው። በዚያ ብዙ አትድከሙ።

የቧንቧ ውሃዋ

ቀኑ ጥር 16 ከሆነ የምግቡን ልክ እኔ ልንገርሽ።

እንጀራ፦ ለሰው ሁለት፣ ለመጠባበቂያ አሥር በመቶ፤ 660 እንጀራ። ከአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት 4 እንጀራ ግድም ስለሚወጣ 165 ኪሎ ያስፈልጋል፤ ለአብሲቱና ለብልሽቱ 170 ያዢ። ደሴ በጥር ሊጡ ቶሎ አይመጣም፤ ኮምቦልቻ በሁለት ቀን የሚደርሰው ደሴ ላይ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ቀን ይፈልጋል። ማክሰኞ አቡኪ፣ ዓርብ ጠዋት አብሲት ጣይ፣ ዓርብ ከሰዓትና ቅዳሜ ይጋገር። ሊጡ ሳይደርስ የተቸኮለ እንጀራ ዓይን አያወጣም፣ ማግስቱን ይሰባበራል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሰዓት 15 ቢያወጣ አራት ምጣድ 11 ሰዓት ይፈጅበታል። አራቱንም አንድ ቤት እንዳትሰኪ! አንዱ ብቻ ከ3 ተኩል እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ቆጣሪው እየጣለ ሊጡ ምጣድ ላይ ይቀራል። በየጎረቤቱ አንድ አንድ ይሁን፣ መብራት ቢጠፋ የእንጨት ምጣድ ከነማገዶው ይዘጋጅ።

ዶሮ ወጥ፦ ለ210ው ክርስቲያን አንድ አንድ ብልት ሲደርስ በ12 ብልት 18 ዶሮ ይሆናል፤ 20 ግዢ። ለአንድ ዶሮ ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት ነውና 30 ኪሎ ይከተፋል፣ ዕንቁላሉ 210። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በዝግታ ይቁላ፤ በትልቅ ድስት ሦስትና አራት ሰዓት ይወስዳል። የሠርግ ወጥ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ወጥ ሠሪዋ ስትጣደፍ ውሃው ሳያልቅ ዘይትና በርበሬ ትጨምራለች፤ ያን ጊዜ ወጡ ላይ ላዩን ያማረ ይመስላል፣ ሲያድር ግን ውሃውና ዘይቱ ይለያያል፣ በማግስቱ ይኮመጥጣል። ማማሰያው ድስቱን ሲጠርግ መሬቱ ታይቶ ቀስ ብሎ የሚገጥም ከሆነ ሽንኩርቱ በቅቷል፤ ውሃ ተከትሎ ቶሎ ከሞላው ገና ነው። ቁሌቱን ቅዳሜ ጨርሳችሁ ዶሮውን ሌሊት ጨምሩ።

በሬው፦ ከመካከለኛ የወሎ በሬ ከነአጥንቱ 100 ኪሎ ግድም ይገኛል፤ ከዶሮው ጋር ለ210 ሰው በቂ ነው። መልሱ ማክሰኞ ስለሆነ ለዚያ ሁለት በግ ለብቻ አቆዩ፣ የእሑዱን ሥጋ አታሳድሩ።

ጠላ፦ 400 ሊትር ያህል፣ ሁለት ባለ 200 በርሚል ወይም ጋኖች። መነሻ ልኩ ጌሾ አንድ እጅ፣ ብቅል ሁለት እጅ፣ እህል ስድስት እጅ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠን። ጥር 2 በጌሾው ጥንስሱ ይጣል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ብቅሉና ቂጣው፣ ከዚያ ደረቆቱ ገብቶ ድፍድፉ ይቀመጥ። ውሃው የሚሞላው ጥር 11 ገደማ ነው። አፉ በደንብ ካልተመረገ አየር ይገባውና ሆምጣጤ ይሆናል፤ በየቀኑ እየከፈቱ የሚቀምሱ ጎረምሶችን ከልክሉ።

ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ትልልቁን ድስት ከቅሬያችሁ (ከእድራችሁ) ትወስዳላችሁ። የቅሬውን ዳኛ ከታኅሣሥ በፊት አነጋግሩት፤ በዚያው ቀን ለቅሶ ከመጣ ድንኳኑ ወደ ለቅሶው ነው የሚሄደው፣ ይህ ሕጉ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ድንኳን ከየት እንደሚመጣ ከወዲሁ ይታወቅ።

የሐርቡ ሰው

አብሽሪ እህቴ፣ የኛን ወገን ነገር አታክብጂው። የሚያስቀይመው የሥጋው ማነስ አይደለም፤ «ለናንተም ታርዷል» ተብሎ ማን እንዳረደው ሳይታወቅ ሲቀርብ ነው። ለ90 ሰው ስድስት ፍየል ወይም በግ በቁሙ ለአጎታችሁ አስረክቡ፤ አራጁም ወጥ ሠሪዎቹም ከነሱ ይሁኑ። ሰኞ ጥር 10 የባቲ ገበያ ነው፤ እናንተ ለከተራ ስትወጡ የአጎታችሁ ልጆች ወርደው መግዛት ይችላሉ።

ምግቡ በአንድ ሙስሊም ጎረቤት ግቢ ይሠራ። ድስት፣ ቢላዋ፣ መክተፊያ፣ ጭልፋ የዚያው ቤት ይሁን፤ ታጥቧል ተብሎ ከናንተ ድስት እንዳይመጣ። ምልክት ያልተደረገበት ጭልፋ ከአንዱ ወጥ ወደ ሌላው የሚሻገረው ጫጫታው ሲደምቅ ነው፣ ስለዚህ አሳላፊዎቹንም ለዩአቸው። እንጀራው አንድ ላይ ቢሆን ምንም አይደለም።

ለመጠጥ ብርዝና ቀሪቦ አድርጉ። ብርዙ በዕለቱ ይበጠበጥ። ቀሪቦው ቅዳሜ ማታ ተሠርቶ እሑድ ይለቅ፤ ሁለተኛ ሌሊት ካደረ ያሰክራልና ለኛ አይሆንም። መቅጃውም ጠላ የነካ አይሁን። ትልልቆቹ ዱዓ የሚያደርጉበት፣ ቡናው የሚፈላበት ጥግ ድንኳኑ ውስጥ ብትተዉ ደግሞ ሙሽሪትን መርቀው ይሄዳሉ።

የአዝዋ ገደል ልጅ (ደሴ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጥር 16ን ለሽማግሌዎቹ አቀርባለሁ። የቀረኝ ሙት ዓመቱ ነው፦ የካቲት 12 ዓርብ ጾም ነው፣ ዘመዶቼም ረመዳን ላይ ናቸው። ጥር 30 እሑድ ብናደርገውስ?

የንባብ ቤት ልጅ

ጸሎቱን አታንቀሳቅሱት። ፍትሐቱና ቅዳሴው በዕለቱ ይሁን፤ የካቲት 12 የሚካኤል ቀን ነው፣ ቅዳሴ አይታጣም። ገበዙን ቀድማችሁ አግኙ፤ ስንዴ፣ ዘቢብ፣ ጧፍና ዕጣን አስረክቡ። ዋናው ግን የአያትሽ የክርስትና ስም ነው። ካህኑ የሚጠራው እሱን ነው፣ በትልቅ ቤተሰብ ደግሞ የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ ብቻ ሆኖ ይገኛል። አሁኑኑ ጠይቃችሁ በጽሑፍ አስቀምጡት።

ማዕዱን በዚያው ዓርብ የጾም አድርጉት፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን። ከሽሮው፣ ከምስሩና ከክኩ በደረቁ ለሰው 50፣ 50 ግራም ብትይዙ ለ150 ሰው ከየዓይነቱ ሰባት ኪሎ ተኩል ነው። ለሙስሊም ዘመዶቻችሁ የሚሆነውን ለይታችሁ አቆዩትና ማታ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲያፈጥሩ በተምርና በሾርባ ጀምራችሁ አቅርቡ።

ጦሳ ሥር

በጸሎቱ እስማማለሁ፣ በማዕዱ ግን አልስማማም። እሑድ የካቲት 14 ቢበላ ዓርብ ሥራ ላይ ያለውም ይደርሳል፣ ነዳያንም ፍስክ ይበላሉ። የሚጠነቀቁት ለአንድ ነገር ነው፦ ሰኞ ነነዌ ናት፣ ስለዚህ የሚታረደው በዚያው ቀን የሚያልቅ ይሁን።

የንባብ ቤት ልጅ

የካቲት 14ም ነውር የለበትም፤ የንስሐ አባታችሁ ይቁረጡት። እኔ ዓርብን የመረጥኩት ሥጋ ከሌለ ሁሉም ከአንድ ድስት ስለሚበላ ነው፤ ድስቱ ሥጋ ያልነካው አዲስ ከሆነ።

ሌላ ሦስት ነገር። ተክሊል ለሁለቱም ንስሐና ሥጋ ወደሙ መቀበልን ይጠይቃል፤ የሙሽራው አጥቢያ ሌላ ከሆነ ከዚያ ደብዳቤ ያመጣል። የጥር እሑዶች ቶሎ ስለሚያዙ ከጥቅምት በፊት ተመዝገቡ። የዝምድናውን ቆጠራ ደግሞ በሁለቱም በኩል እስከ ሰባት ቤት ድንኳን ከመከራየታችሁ በፊት ጨርሱ።

የሕፃኗ ክርስትና እናት ስትመረጥ ከዚያ ቤት ጋር ጋብቻ የታሰበ ልጅ እንዳለ ጠይቁ፤ የክርስትና ልጅነት ዝምድና ነውና በኋላ ጋብቻውን ይዘጋል።

ልደቷን ለማስመዝገብ ሕጉ 90 ቀን ይሰጣል፣ ያም ኅዳር መጀመሪያ ላይ ያልቃል። ክርስትናው ይለፍ ብላችሁ ከጠበቃችሁ አሥር ቀን ብቻ ነው የሚተርፋችሁ። የምስክር ወረቀቱ ላይ የሚገባው የዓለም ስሟ ስለሆነ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መስከረም ላይ ቀበሌ ሂዱ። የእህትሽን ጋብቻም በ30 ቀን ውስጥ፣ ማለትም እስከ የካቲት አጋማሽ፣ አስመዝግቡት።