በደን ውስጥ 18 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ፦ ሰዓቱንና ውሃውን እንዴት እናስላ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሆነን ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ አልፎ ተራራ የሚወጣ መንገድ ልንሄድ ነው። ደርሶ መልሱ 18 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ በጠቅላላ 900 ሜትር። ከ3ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ምልክትም ኔትወርክም የለም። በአንድ ቀን ይሆናል? ውሃስ ስንት ሊትር እንያዝ?

ዳገት፦
ይሆናል፣ ግን በኪሎ ሜትር ብቻ አታስሉት። በ1892 እ.ኤ.አ. ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትሩ ዳገት 1 ሰዓት። የእናንተ 5 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ይመጣል። ይህ ሳያርፍ በደህና መንገድ ለሚሄድ ነው፤ ሥርና ጭቃ ስላለ ሲሶ ጨምራችሁ 7 ሰዓት ያዙ። ጠዋት 1 ሰዓት ብትነሱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ጫፍ ትደርሳላችሁ። 6 ሰዓት ሲሆን ግን የትም ብትሆኑ ተመለሱ፤ ደን ውስጥ ቀድሞ ይጨልማል።

ውሃ በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ማለትም ለአንድ ሰው 3 ሊትር ተኩል። ምንጭ መኖሩን ካረጋገጣችሁ 2 ሊትር ይበቃል፤ የቀዳችሁትን 1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ አንተክትኩት። በማፍላት ፋንታ በክሎሪን ብቻ አትተማመኑ፤ ክሎሪን የማይገድለው ተውሳክ አለ፣ በደፈረሰ ውሃ ላይ ደግሞ ጉልበቱ ይደክማል።

ኮምፓስ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ሳይሆን የወደቀ ዛፍ ነው። ግንዱን ለመዞር ጥቂት ሜትር ወደ ታች ትወርዳላችሁ፣ ከወዲያ መንገድ የሚመስል የአውሬ ዱካ ይቀበላችኋል፣ በዚያው ትቀራላችሁ። የአውሬ ዱካ እግር ሥር ክፍት ሆኖ ደረታችሁ ላይ ቅርንጫፍ ይዘጋዋል። የሰው መንገድ ላይ በመጋዝ የተቆረጠ ግንድ፣ በጫማ ተፍቆ የለሰለሰ ሥር ይታያል። ስለዚህ አንዳችሁ ግንዱ ጋ ቁሙ፤ ሌላው ከወዲያ መንገዱን አግኝቶ ሲጣራ ብቻ ተከተሉ። ከጠፋባችሁም መጨረሻ ወደምታውቁት ቦታ ተመለሱ እንጂ ወንዝ ተከትላችሁ አትውረዱ፤ ገደል ወይም ፏፏቴ ላይ ሊያደርሳችሁ ይችላል።

ካርታውን ከቤት አውርዳችሁ ስልኩን ኤርፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። ባትሪውን የሚጨርሰው ኔትወርክ ፍለጋው ነው፤ ጂፒኤሱ ያለ ኔትወርክም ይሠራል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጫማስ?

ዳገት፦
አዲስ ጫማ አይሁን። ተረከዝ ማቃጠል ሲጀምር ውሃ እስኪቋጥር ሳትጠብቁ ፕላስተር ለጥፉበት። ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ክሩን ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ አለዚያ ጣታችሁ የጫማውን የፊት ጫፍ ሲመታ ውሎ ጥፍራችሁ ይጠቁራል።