የክርክር ክበብ ጥያቄ ከደሴ፦ አፍሪካ በጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ ወንበር እንድታገኝ በትክክል ስንት ድምፅ ያስፈልጋል?

ሆጤ ሜዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የክርክር ክበብ አስተባብራለሁ። የዚህ ወር ርዕሳችን «አፍሪካ በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ ወንበር ሊኖራት ይገባል» የሚል ነው። ደጋፊው ቡድን «እኛ 54 አገሮች ነን፤ እስያና ላቲን አሜሪካ ሲጨመሩ በጠቅላላ ጉባኤው አብላጫ አለን፤ ድምፅ ሰጥቶ መጨረስ ነው» ይላል። ተቃዋሚው ደግሞ «ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱ እጁን ለተቃውሞ ካወጣ እዚያው ያበቃል» ይላል። ሁለቱም ላይ የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኛል።

አሠራሩን ደረጃ በደረጃ የምታውቁ ብትነግሩኝ። ቻርተሩ (የድርጅቱ መተዳደሪያ ሰነድ) ከዚህ በፊት ተሻሽሎ ያውቃል? ሳይሻሻልስ ምን ማድረግ ይቻላል? ተማሪዎቹ የአይኤምኤፍንም (የዓለም የገንዘብ ድርጅትን) ጉዳይ ያነሳሉ፤ አንድ ላይ ይሄዳል ወይስ ለየብቻው ነው? (ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብትጽፉልን ከመጻሕፍቱ ጋር ለማመሳከር ይቀለናል።)

ጦሳ ሥር

መምህር፣ በሩ ሁለት መቀርቀሪያ አለው፤ ሁለቱ ቡድኖች የተያያዙት ግን አንድ አንዱን ብቻ ነው።

መነሻው የቻርተሩ አንቀጽ 108 ነው። ማሻሻያው መጀመሪያ በጠቅላላ ጉባኤው አባላት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማለፍ አለበት። «ተገኝተው ድምፅ ከሰጡት» አይልም፤ «ከአባላቱ» ነው የሚለው። አባላቱ 193 ስለሆኑ 129 የድጋፍ ድምፅ ያስፈልጋል። ለሌሎች ዐበይት ጉዳዮች የሚሠራው አንቀጽ 18 ግን ተገኝተው ድምፅ የሰጡትን ብቻ ይቆጥራል፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ በአንቀጽ 108 ስሌት ከአዳራሹ የቀረ አገርም፣ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገም፣ ከተቃወመው እኩል ይጎዳል። ያልተከፈለው መዋጮ የሁለት ዓመት ያህል ደርሶ በአንቀጽ 19 ድምፅ እንዳይሰጥ የተከለከለ አገር እንኳ አባልነቱ ስለማይቀር 129 የምትለው ቁጥር አትቀንስም። «መጀመሪያ በቀላል አብላጫ መርሁን እናሳልፍ፣ ቻርተሩን በኋላ እንነካዋለን» የሚለው ብልሃትም ተዘግቷል፤ ጉባኤው በ1998 ባሳለፈው ውሳኔ 53/30 በምክር ቤቱ ማሻሻያ ላይ ከዚህ ባነሰ ድምፅ እንደማይወሰን አስሮታል።

ሁለተኛው መቀርቀሪያ ማጽደቅ ነው። በጉባኤው ያለፈውን ማሻሻያ አገሮች በየሕገ መንግሥታቸው ሥርዓት ያጸድቁታል፤ እዚህም ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል፣ አምስቱም ቋሚ አባላት ከአጽዳቂዎቹ መካከል መሆን አለባቸው። የጊዜ ገደብ የለውም። ስለዚህ የተቃዋሚው ቡድን አባባል እንዲህ ቢስተካከል ይሻላል፦ በጠቅላላ ጉባኤው ውስጥ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት (ቬቶ) የለም፤ ኃያላኑ እዚያ ሊሸነፉ ይችላሉ። የሚያግዱት አገራቸው ገብተው ባለማጽደቅ ነው። አሜሪካ ለምሳሌ የሴኔቷን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማግኘት አለባት።

ተሻሽሎ ያውቃል ወይ ላሉት፣ አዎ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1963 ጉባኤው ምክር ቤቱን ከ11 ወደ 15 አባላት የሚያሳድገውን ውሳኔ በ97 ድጋፍ፣ በ11 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ አሳለፈ። ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት ተቃወሙ፤ አሜሪካና ብሪታንያ ተአቅቦ አደረጉ። ከአምስቱ የደገፈችው ያኔ ወንበሩን ይዛ የነበረችው የታይፔይዋ ቻይና ብቻ ናት። ግን ሃያ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ አምስቱም አጽድቀውት ነሐሴ 31 ቀን 1965 በሥራ ላይ ዋለ። ደጋፊው ቡድን ይህን አጥብቆ ይያዝ፤ ዛሬ የተቃወመ ነገ ሊያጸድቅ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ቦርከና ማዶ

ከላይ የተጻፈው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የ1963ቱ ማሻሻያ የጨመረው ተለዋጭ (በምርጫ ለተወሰነ ጊዜ የሚያዙ) ወንበሮችን ነው። የማንም ሥልጣን አልተነካም። የአፍሪካ ጥያቄ ግን ቋሚ ወንበር ነው፣ እሱም ከነቬቶው፤ ተቃዋሚው ቡድን ጎበዝ ከሆነ የሚመታው እዚህ ጋ ነው።

የአፍሪካ ኅብረት አቋም በመጋቢት 2005 የተያዘው የኤዙልዊኒ ስምምነት ነው፤ ኤዙልዊኒ ዛሬ ኢስዋቲኒ የምንላት አገር ውስጥ ነው። ሁለት ቋሚ ወንበር ከሙሉ መብቱ ጋር፣ በተጨማሪም በጠቅላላው አምስት ተለዋጭ ወንበሮች ይጠይቃል። አሁን ያሉን ሦስት ተለዋጭ ስለሆኑ ጭማሪው ሁለት ነው፤ «አምስት ይጨመርልን» ብሎ የሚናገር ተማሪ ካለ ያርሙት። ወንበሮቹን እነማን ይያዙ የሚለውን የሚመርጠው ኅብረቱ ራሱ ነው። ስለ ቬቶ የሚለው ደግሞ በጥንቃቄ መጠቀስ አለበት፦ አፍሪካ በመርህ ደረጃ ቬቶን ትቃወማለች፤ እስካለ ድረስ ግን ለቋሚ አባላት ሁሉ እኩል መሆን አለበት ትላለች። አቋሙን የሚያቀነባብረው በሴራሊዮን የሚመራው የአሥር አገሮች ኮሚቴ ነው።

በዚያው በ2005 ምን እንዳሰናከለ ማየት ይጠቅማል። ብራዚል፣ ጀርመን፣ ሕንድና ጃፓን አንድ ረቂቅ አቀረቡ፤ አዲሶቹ ቋሚ አባላት ቬቶውን ለአሥራ አምስት ዓመት ሳይጠቀሙበት ይቆዩ፣ ከዚያ ይታያል የሚል። አፍሪካ የራሷን ረቂቅ ከነቬቶው አቀረበች። እነ ጣሊያንና ፓኪስታን ያሉበት ቡድን ሦስተኛ አቀረበ። ሦስቱም ሳይታረቁ ቀሩ፤ አንዱም ለድምፅ አልበቃም።

እዚህ ላይ ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ስሌት አለ። ከ193 ላይ 54 ሲቀነስ 139 ይቀራል። አፍሪካ ባትደግፍ ከቀሪዎቹ 139 ውስጥ 129ኙን ማግኘት የግድ ነው፤ ይህ ደግሞ የማይሆን ነገር ነው። አፍሪካ ብቻዋን በሩን መክፈት አትችልም፤ ያለ እሷ ግን ማንም አይከፍተውም። የደጋፊው ቡድን ትልቁ ጉልበት «አብላጫ አለን» ማለት ሳይሆን ይህ ነው።

አሜሪካ በመስከረም 2024 ለአፍሪካ ሁለት ቋሚ ወንበር እንደምትደግፍ ገልጻለች፤ ቬቶውን ግን አልጨመረችም። በዚያው ወር በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው «የወደፊቱ ቃል ኪዳን» የተባለ ሰነድ የአፍሪካን ታሪካዊ በደል ማረም ቅድሚያ እንዲሰጠው ይላል፤ ቁጥርና ቀን ግን የለበትም። ጥሩ ቃል ነው፣ ወንበር አይደለም።

ሆጤ ሜዳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ139ኙን ስሌት ዛሬውኑ ለልጆቹ አደርሳለሁ። ቻርተሩ ሳይነካ የሚሠራውና የገንዘቡ ነገር ቀረኝ።

ሸርፍ ተራ

የገንዘቡን እኔ ልሞክር። አይኤምኤፍ አንድ አገር አንድ ድምፅ አይደለም፤ ድምፅ በኮታ፣ ማለትም አገሩ ለድርጅቱ በሚያዋጣው የገንዘብ ድርሻ ነው። እያንዳንዱ አባል እኩል የሚደርሰው መሠረታዊ ድምፅ አለው፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ከጠቅላላው 5.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለእያንዳንዱ 100,000 የልዩ የገንዘብ ማውጫ መብት (ኤስዲአር፣ የድርጅቱ የራሱ የሒሳብ መለኪያ) ኮታ አንድ ድምፅ ነው። የኢትዮጵያ ኮታ 300.7 ሚሊዮን ስለሆነ ከኮታው 3,007 ድምፅ ታገኛለች። ከጠቅላላው አንድ በመቶ አይሞላም፤ የአንድ በመቶ አሥረኛ እንኳ አይደርስም።

ኮታን ለመለወጥም ሆነ መተዳደሪያውን ለማሻሻል 85 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። አሜሪካ 16 በመቶ ተኩል ያህል ይዛለች። ቬቶ የሚል ቃል የትም አልተጻፈም፤ ከ15 በመቶ በላይ የያዘ ግን ብቻውን ያግዳል። በ2010 የተስማሙበት ማሻሻያ በሥራ ላይ የዋለው በጥር 2016 ነው፤ የዘገየው የአሜሪካ ምክር ቤት እስኪያጸድቅ ነበር። የጸጥታው ምክር ቤት ሁለተኛ መቀርቀሪያ እዚህም አለ ማለት ነው።

ተማሪ የሚሳሳተው «ኮታ ጨመረ» ሲባል ድምፅ የጨመረ ስለሚመስለው ነው። በታኅሣሥ 2023 የሁሉም ኮታ በእኩል 50 በመቶ እንዲያድግ ተወስኗል። ሁሉም በእኩል ሲያድግ የማንም ድርሻ አይለወጥም! ገንዘቡ ይበረክታል፣ ድምፁ እዚያው ነው። ድርሻ ምን እንደሚያደርግ ለማየት የነሐሴ 2021ን ክፍፍል ውሰዱ፦ 650 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ልዩ የማውጫ መብት በኮታ ልክ ተከፋፈለ፤ ለመላው አፍሪካ የደረሰው 33 ቢሊዮን ገደማ ነው፣ ለኢትዮጵያ ወደ 400 ሚሊዮን። ወረርሽኙ የበለጠ የጎዳው ማንን ነው የሚለው ስሌቱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

እውነተኛ ለውጥ የታየው ትንሽ ቦታ ላይ ነው፦ ከኅዳር 2024 ጀምሮ የሥራ አመራር ቦርዱ 25ኛ ወንበር ተጨምሮለት ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች ወንበር ከሁለት ወደ ሦስት አድጓል። ከ40 በላይ አገሮች በሁለት ሰው ሲወከሉ ነበር፤ አንድ ተወካይ የስንቱን አገር ጉዳይ እንደሚያነብ አስቡት።

ለክርክሩ ግን አንድ ላይ አታድርጉት። ደንቡም መንገዱም ይለያያል፤ በአሥር ደቂቃ ሁለቱን የያዘ ልጅ ሁለቱንም ይጥላቸዋል።

ጦሳ ሥር

ቻርተሩ ሳይነካ የሚሆነውን ልመልስ። በ1950 የወጣው ውሳኔ 377 ምክር ቤቱ በቬቶ ሲታሰር ጉዳዩን ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ይወስዳል፤ አስቸኳይ ልዩ ስብሰባ በ24 ሰዓት ውስጥ መጥራት ይቻላል። ጥሪው በምክር ቤቱ ዘጠኝ ድምፅ ይበቃዋል፣ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ስለሆነ ቬቶ አይነካውም። ጉባኤው የሚያሳልፈው ግን ምክረ ሐሳብ ነው፤ አስገዳጅ አይደለም። በሚያዝያ 2022 በሊክተንስታይን አቅራቢነት የጸደቀው ውሳኔ 76/262 ደግሞ ቬቶ በተጠቀሙበት ቁጥር ጉባኤው በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲሰበሰብና እንዲወያይበት ያደርጋል። ቬቶውን አይሽርም፤ ምክንያቱን በ193 አገር ፊት እንዲናገሩ ይጋብዛል እንጂ።

ሌላም አለ፦ ቋሚ አባል ድምፀ ተአቅቦ ቢያደርግ ውሳኔው አይወድቅም። ዘጠኝ ድጋፍ ካለና ከአምስቱ ማንም «አይ» ካላለ ያልፋል።

ቬቶ ለምን ተፈጠረ የሚል ተማሪ ካለ ሩቅ አትሂዱ። ከተባበሩት መንግሥታት በፊት የነበረው የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ኅዳር 18 ቀን 1935 ተጀመረ፤ ነዳጅ አልተካተተም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። አሥራ ስምንት ቀን ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1935፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ሰፍረው ሳለ ከተማዋ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ የቀይ መስቀል ሆስፒታልም ተመታ። ማዕቀቡ በሐምሌ 1936 ተነሣ። ማኅበሩ አባላቱን የሚያስገድድበት ሥልጣን አልነበረውም። በ1945 ቻርተር የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ በአንቀጽ 25 አስገዳጅ ሆነ፤ ኃያላኑ ይህን የተቀበሉት ቬቶውን በዋጋ አስከፍለው ነው። ቬቶ ይነሣ የሚል ልጅ አስገዳጅነቱን ምን እንደሚያቆየው መመለስ አለበት።

ቦርከና ማዶ

በዚህ ላይ ርዕሱን ራሱ ብታስተካክሉት። «ቋሚ ወንበር ሊኖራት ይገባል» ሲባል ደጋፊው በፈለገ ጊዜ ከነቬቶው፣ በፈለገ ጊዜ ያለ ቬቶ እያደረገ ያመልጣል። «አፍሪካ ቬቶ የሌለው ቋሚ ወንበር ቢሰጣት መቀበል አለባት» በሉት፤ ያኔ ሁለቱም ቡድን ስለ ኤዙልዊኒ ማንበብ ግድ ይሆንበታል።

ሆጤ ሜዳ

ርዕሱን ቀይሬዋለሁ። ደጋፊ የነበረው ቡድን ገና ከአሁኑ ለሁለት ተከፍሏል፤ ስለዚህ አዲስ ዕጣ እናወጣለን። ሰሌዳው ላይ 193፣ 129፣ 139 ተጽፈው ይጠብቋቸዋል።