የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ያልፈነዳ ቅንቡላ ያገኛል?

የቀወት ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የአባቴ ማሳ ላይ ብዙ ተተኩሷል። ሰሞኑን ለማሾ ሲያርስ ማረሻው ክንፍ ያለው የዛገ ቅንቡላ ነካ። በሬዎቹን ይዞ ወጣ። ባለሙያዎች መጥተው አነሱት፤ የቀረው መሬት ግን አልተፈተሸም። ጎረቤታችን የወርቅ መፈለጊያ አለው። «እኔ ላስስልህ» እያለው ነው። ያዋጣል?

ጡረተኛው ፈንጂ አምካኝ፦
ልጄ፣ እባክህ አባትህን አስቁማቸው። ከባድመ ጦርነት በኋላ ድንበር ላይ ለዓመታት ፈንጂ ለቅሜያለሁ። ማሽኑ ቦምብ አያውቅም። የሚያውቀው ብረት ነው። ቀለህም ይጮኻል፣ ሚስማርም፣ ፍንጣሪም። ጦርነት የዋለበት ማሳ ላይ ስንት ቀለህ አለ? እኛ ለእያንዳንዱ ጩኸት ተንበርክከን፣ አፈሩን ከጎን በስሱ እየፋቅን ነበር የምንቀርበው። ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ብቻ አውጥተን የምንመለስበት ጊዜ ነበር። ወርቅ ፈላጊ ግን ሲጮህለት በዶማ ነው የሚወርድበት። ሰው የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ደግሞ የአገራችን ጥቁር ድንጋይ አለ። ባዛልት ነው፣ በውስጡ የብረት ማዕድን አለው። ማሽኑ በድንጋዩም ይጮኻል። ሰው ሲሰለቸው ኃይሉን ዝቅ ያደርገዋል፤ ያኔ ጠለቅ ያለውን ያልፈዋል። ማሽኑ ዝም አለ ማለት መሬቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

መምህር ከደብረ ብርሃን፦
ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ተመራማሪዎችም የሚደክሙት «ምን ዓይነት ብረት ነው?» የሚለውን ለመመለስ ነው። ማሽኑ ብረቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሣል። ማሽኑ ሲያቆም ያ ኤሌክትሪክ በወፍራም ቅንቡላ ውስጥ ይቆያል፣ በስስ ቆርቆሮ ውስጥ ቶሎ ይጠፋል። አጠፋፉን በኮምፒውተር አንብበው ቁርጥራጩን ሳይቆፍሩ ማለፍ ይችላሉ። ድሮን ላይ የሚንጠለጠል ማግኔቶሜትርም አለ፣ ብረት የሚያመጣውን የማግኔት ለውጥ የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ባዛልት እሱንም ያስቸግረዋል። ወደ መሬት ውስጥ ሞገድ የሚልከው ራዳር ደግሞ ዝናብ በጠጣ ዋልካ ውስጥ ብዙም አይዘልቅም።

ሞላሌ፦
አይጦቹስ? አፖፖ የተባለው ድርጅት ታንዛኒያ ውስጥ ፈንጂ ፍለጋ የሚያሠለጥናቸው አይጦች የሚከተሉት የፈንጂውን ሽታ ነው፤ ለቁርጥራጭ ብረት ግድ የላቸውም። ማጋዋ የተባለው አይጥ ካምቦዲያ ውስጥ ከ100 በላይ ፈንጂና ያልፈነዳ ተተኳሽ አግኝቷል።

ጡረተኛው ፈንጂ አምካኝ፦
አይጥ ጎበዝ ነው። እሱም ግን ከሠለጠነ ሰው ጋር ነው የሚገባው።

የቀወት ልጅ፦
ጋሼ፣ የጻፉትን ማታ ለአባቴ አነበብኩለት። ጎረቤታችንም ቁጭ ብሎ ሰማ። የታችኛው ጥማድ ዘንድሮ አይታረስም፣ ዙሪያውን እሾህ አጥረናል። ጠዋት ፖሊስ ጋ ሄጄ አስመዘግባለሁ።

ጡረተኛው ፈንጂ አምካኝ፦
ተባረክ። ቀይ ጨርቅም እሰሩበት፣ ከሩቅ እንዲታይ። እረኞቹን ግን ራስህ ሄደህ ንገራቸው። በተለይ ለቁራሌ ብረት የሚለቅሙ ልጆች ካሉ፣ ዛሬውኑ።