የ1966 ቮልስዋገን የፊት ፍሬን በአነስተኛ ወጪ ወደ ዲስክ ለመቀየር

ጥያቄ፣ ከሽሮ ሜዳ

የተከበራችሁ አባላት፣ ከአባቴ የወረስኳት እ.ኤ.አ. የ1966 ስሪት ቮልስዋገን 1300 አለችኝ። አራቱም እግሮቿ ባለ ታምቡር ፍሬን ናቸው፤ ታምቡር ማለት ከጎማው ጋር የሚሽከረከር፣ ሸራው (እየታሸ የሚያቆመው ክፍል) ከውስጥ የሚይዘው ከበሮ መሰል ብረት ነው። ሜዳ ላይ እስካለሁ ድረስ ብዙም አላማርርባትም፤ ከእንጦጦ ስወርድ ግን መንገዱን ሳላጋምስ የተቃጠለ ሸራ ይሸተኛል፣ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናዋ አልቆም ትላለች፣ ድንገት ስይዝም መሪው ወደ ግራ ይጎትተኛል። ለዚህ ሥራ ያጠራቀምኩት 70 ሺህ ብር ነው። ሶማሌ ተራ አንድ ሻጭ ከተፈታች ቮልስ ወጣ ያለኝን ሁለት የፊት ዲስክ ከነካሊፐሩ (ዲስኩን በሸራ ቆንጥጦ ከሚይዘው ክፍል ጋር) አሳይቶኛል፤ ሆኖም የቸርኬው ቦሎኒ ቀዳዳ አራት ሲሆን የእኔ አምስት ነው። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፣ ጡረታ ከወጣ መካኒክ

ልጄ፣ ዲስኩን ለጊዜው ተወውና አሁን ስላለው ፍሬን እንነጋገር። የነገርከኝ ምልክት ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ያሳያል። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው አለመቆሙ ሸራው ከመጠን በላይ ግሎ መያዝ እንዳቃተው ይናገራል፤ ዘይቱ ፈልቶ ቢሆን ኖሮ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልስ ነበር። ወደ ግራ መጎተቱ ደግሞ የግራው ፊት እየያዘ የቀኙ እንደሰነፈ ነው የሚያመለክተው፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የደረቀ ሲሊንደር (በዘይት ግፊት ሸራውን የሚገፋው ክፍል) ወይም ከኩሽኔታው ወጥቶ ሸራውን የነካ ግራሶ ነው። የአራት እግር ሥራን ሁለት እግር ብቻ ሲሸከመው እነዚያ ሁለቱ መጋላቸው አይቀርም።

ስለዚህ አራቱንም ታምቡር አውልቀህ እይ። የፊቱን ስትፈታ አንድ ነገር አትርሳ፤ የግራው እግር ዳዶ በተቃራኒ የሚፈታ ነው፣ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ገመድም በዚያው በኩል ስለሚያልፍ የመሃል ክዳኑን በኃይል አትምታው። የኋላውን ባለ 36 ዳዶ ደግሞ ረጅም ማንሻ ሳትይዝ አትሞክረው፤ ሲታሰርም ወደ 300 ኒውተን ሜትር ስለሚፈልግ በእጅ ግምት የሚተው አይደለም። የፊት ታምቡሩ ውስጥ አዲስ ሲሆን 230 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ቶርኖ ቤት ወስደህ አስለካው፣ የሚላጭ ከሆነም ግራና ቀኙ እኩል ይላጩ።

መልስ፣ ከሽቱትጋርት

ቀደም ሲል የተሰጠው ምክር ትክክል ስለሆነ እኔ ወደ ዲስኩ አልፋለሁ። ቮልስዋገን ለአውሮፓ ገበያ የፊት ዲስክ ያለው ቢትል (የእርስዎ ዓይነት ቮልስ) ያወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1966 ሲሆን፣ ሞዴሉም 1500 ነበር። የቸርኬውን አያያዝ በ205 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ካሉ አምስት ቦሎኒዎች በ130 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ወዳሉ አራት ያወረደውም በዚሁ መኪና ነው፤ ያዩት ባለ አራት ቀዳዳ ዲስክ ከዚያ ወገን ሳይሆን አይቀርም። የእርስዎ መኪና የፊት እግር ባለ ቦል ጆይንት (ክብ ራስ ያለው መጋጠሚያ) ስለሆነ በመርህ ደረጃ ይቀበለዋል። ነገር ግን ሻጩ ዲስኩንና ካሊፐሩን ብቻ የሚሰጥዎ ከሆነ አይግዙ፤ ምክንያቱም ኩሽኔታዎቹ የሚቀመጡበትና መሪው የሚያዞረው ብረት በዲስኩ መኪና ላይ ካሊፐሩን የሚይዝ ጆሮ ሲኖረው የእርስዎ ላይ ግን የለውም።

ገንዘብ የሚበላው ሌላው ጉዳይ ቸርኬው ነው። ፊቱ ባለ አራት፣ ኋላው ባለ አምስት ሆኖ ከቀረ ትርፍ ጎማዎ ለግማሽ መኪና ብቻ የሚያገለግል ይሆናል፤ ይህን ለማስተካከል የኋላ ታምቡሮቹንም ሆነ አምስቱንም ቸርኬዎች መለወጥ ሊኖርብዎ ነው። የድሮውን ባለ አምስት ቀዳዳ ጠብቀው፣ ካሊፐር መያዣውም አብሮ ተሠርቶ በነባሩ ብረት ላይ የሚገጥሙ አዲስ ዕቃዎች በአውሮፓ ይሸጣሉ፤ ዋጋቸው፣ ማጓጓዣቸውና ቀረጣቸው ሲደመር ግን ከያዙት በጀት ጋር የሚስማማ አይመስለኝም።

መልስ፣ ከአዳማ

እኔ ከሦስት ዓመት በፊት የእኔዋን ቀይሬያታለሁ፤ ስለዚህ ሁለቱም ወንድሞቼ ያላነሱትን ልጨምር። የእርስዎ መኪና የፍሬን ዘይት መስመር አንድ ብቻ ስለሆነ የትኛውም ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም እግር ይጠፋል። በእኔ አመለካከት ከዲስክ በፊት የሚቀድመው ባለ ሁለት መስመር ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ እግሮቹ የሚገፋው ክፍል) ነው፤ ፊትና ኋላን ስለሚለይ አንዱ ቢፈስ ሌላው ይተርፋል፣ በኋላ ዲስክ ቢገጥሙም ወጪው ከንቱ አይሆንም። ዲስክ የሚገጥሙ ከሆነ ግን ሲገዙ ለፊት ዲስክ የሚሆነውን ይጠይቁ። የታምቡሩ ዓይነት የሲሊንደሮቹ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያፈስ የሚዘጋው ጎማ) እንዲወጠር በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው፤ ይህ ቫልቭ በዲስክ መስመር ላይ ከቀረ ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ እየታሸ ይሄዳል። እኔ ይህን ባለማወቄ የፊት ቸርኬዬ እጅ የማያስነካ እስኪሆን ግሎብኝ ነበር።

ሌላው፣ የገጠሙልኝ ሰው ግራና ቀኝ ካሊፐሮቹን አቀያይሮ ስላሰራቸው የአየር ማስወጫው ወደ ታች ዞረና ሁለት ሊትር ዘይት ብናፈስም አየሩ አልወጣ አለ። ማስወጫው ሁልጊዜ ላይ መሆን አለበት። የኋላውን ታምቡር ግን አይንኩት፤ የእጅ ፍሬኑ የሚሠራው በእርሱ ነው፣ ፋብሪካውም ቢሆን ዲስክ ያደረገው ፊቱን ብቻ ነው። በመጨረሻም ዲስክ እንደ ታምቡር ሸራውን ራሱ እየሳበ አያግዝዎትም፤ በእነዚህ መኪኖች ላይ ረዳት ሰርቮ (የእግርን ጉልበት የሚያግዝ መሣሪያ) ስለሌለም ፔዳሉ ከለመዱት በላይ እግር ይፈልጋል።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ዕለት አራቱንም አወለቅሁ። የቀኙ ፊት ሲሊንደር አንዱ ፒስተን ዝጎ ተጣብቋል፤ በእርሱ በኩል ያለው ሸራ ላይ ፋብሪካው የጻፈው ቁጥር እንኳ አልጠፋም። የግራው ኋላ ደግሞ በካምቢዮ ዘይት ርሶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ዲስኩን ትቼ ባለ ሁለት መስመሩን ማስተር ሲሊንደር፣ አራት እግር ሸራ፣ የሁሉንም እግር ሲሊንደርና የኋላውን የዘይት መጠበቂያ ጎማ ለመግዛት ወስኛለሁ። ስገጥም ልጠነቀቅበት የሚገባ ነገር ካለ ጋሼ ቢነግሩኝ።

የመካኒኩ ምላሽ

ዘይት የጠጣውን ሸራ በቤንዚን አጥቤ እመልሰዋለሁ እንዳትል፤ ሲግል የጠጣውን መልሶ ያወጣዋልና ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይር። ከፔዳሉ የሚመጣው ዘንግና የማስተር ሲሊንደሩ ፒስተን መካከል አንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት ተው። ክፍተቱ ከጠፋ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ቀዳዳ ይዘጋና ፍሬኑ በሄድክ ቁጥር እየያዘ ይመጣል። የባለ ሁለት መስመሩ ማጠራቀሚያ ሁለት መውጫ ያለው መሆኑን፣ የፍሬን መብራት ስዊቹም መግጠሚያ ማግኘቱን ከሱቁ ሳትወጣ አረጋግጥ። አዲስ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ሙላ፤ የሞተር ዘይት የነካው ዕቃ ወደ ጎሚኒዎቹ እንዳይቀርብ። አየሩን ከቀኝ ኋላ ጀምረህ ወደ ግራ ኋላ፣ ከዚያ ቀኝ ፊት፣ በመጨረሻ ግራ ፊት አስወጣ። ሸራውን በካቻቢቴ እያጠበቅህ ጎማው ሲይዝ በትንሹ መልሰው። በመጀመሪያው ሳምንት እንጦጦ አትውጣ፤ ሸራው ታምቡሩን እስኪለምደው በሜዳ ንዳት፣ ስትወርድም ሽቅብ በወጣህበት ማርሽ ውረድ።