በአማተር ሬዲዮ ውድድር ደንቡ ራሱ የሚሰጠው ብልጫ ፍትሐዊ ነውን?

ጥያቄ፦ አድማጭ ከአዳማ

የተከበራችሁ አባላት፣ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር መጨረሻ ለ48 ሰዓት የሚካሄደውን፣ አማተር የሬዲዮ አስተላላፊዎች በዓለም ዙሪያ ካሉ ጣቢያዎች ጋር በተቻለ መጠን ብዙ ግንኙነት የሚያደርጉበትን የሲኪው ወርልድ ዋይድ ውድድር በመቀበያ እከታተላለሁ። በደንቡ መሠረት፣ ከሰሜን አሜሪካ በቀር፣ በአንድ አህጉር ውስጥ ባሉ ሁለት አገሮች መካከል የሚደረግ ግንኙነት 1 ነጥብ፣ አህጉር የሚሻገር ግን 3 ነጥብ ያስገኛል። ስለዚህ ከአዳማ የሚያስተላልፍ ሰው ኬፕ ታውንን ቢያገኝ 1፣ ከባሕሩ ማዶ ያለችውን ሰንዓን ቢያገኝ 3 ነጥብ ይመዘገብለታል። ይህን የተረዱ አውሮፓውያን በአፍሪካ ሥር ወደሚቆጠሩት የካናሪ ደሴቶች ተጉዘው፣ ስፔንን እንኳ አግኝተው 3 ነጥብ ይወስዳሉ። ይህን እንዴት ታዩታላችሁ?

መልስ፦ የአንቴና ባለሙያ

ወንድሜ፣ ደንቡ በግልጽ የፈቀደውንና ማንም ሊያየው የሚችለውን ነገር ማጭበርበር ልለው አልችልም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሊረጋገጥ የማይችለው የኃይል መጠን ነው። በዝቅተኛ ኃይል ምድብ የተፈቀደው እስከ 100 ዋት፣ በከፍተኛው እስከ 1,500 ዋት ነው። የተሳሳተ የጥሪ ምልክት (የጣቢያ መለያ) የጻፈ ሰው የሁለቱ ወገኖች ሎግ (የግንኙነት መዝገብ) ሲመሳከር ይገኛል፤ በ100 ዋት ምድብ ተመዝግቦ በ1,500 የሚያስተላልፈውን ግን ሎጉ አያጋልጠውም። የ15 እጥፍ ልዩነቱ በመቀበያ መለኪያ ላይ ሁለት ደረጃ ያህል ከፍታ ብቻ ስለሚያሳይ፣ በጥሩ ቦታ ከተተከለ ጥሩ አንቴና ለይቶ ማወቅ ከሩቅ አይቻልም። በታማኝነት በ100 ዋት የሚደክመው ሰው ነው የሚጎዳው።

መልስ፦ የሞገድ ተማሪ

ስለ ኃይሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ደንቡ ግልጽ መሆኑ ብቻ ፍትሐዊ አያደርገውም፤ ምክንያቱም ወደ ደሴት መሣሪያ ጭኖ መሄድ የሚችለው አቅም ያለው ብቻ ነው። ከ1990 ጀምሮ በሚካሄደው የዓለም የሬዲዮስፖርት ቡድኖች ሻምፒዮና ተወዳዳሪዎች በአንድ አካባቢ፣ በእኩል የኃይል ገደብ፣ ዳኛ አጠገባቸው ተቀምጦ ይወዳደራሉ፤ ሆኖም ይህ ለጥቂት ቡድኖች እንጂ ለሁሉም የሚዳረስ አይደለም። የነጥቡን ችግር ግን በርቀት ማስላት ይፈታዋል። በ160 ሜትር ባንድ (የሞገድ ክልል) የሚደረገው የስቱ ፔሪ ውድድር ለእያንዳንዱ ግንኙነት 1 ነጥብ ሰጥቶ፣ በየ500 ኪሎ ሜትሩ 1 ይጨምራል። በዚህ ስሌት ከአዳማ ኬፕ ታውን 11 ነጥብ፣ ሰንዓ 2 ነጥብ ይሆናሉ።

መልስ፦ አድማጭ ከአዳማ

እግዜር ይስጥልኝ። ስሌቱ አሳምኖኛል፤ የኃይሉ ጉዳይ ግን ከታማኝነት በቀር ሌላ ዋስትና ያለው አይመስለኝም።