ጭልፊት ከልጄ እጅ ስጋ ነጠቀችው፣ ዛፉን እናስቆርጠው ወይስ እንተወው?

እመ ናቲ፦
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ኮተቤ ነው የምንኖረው፣ አጥራችን ጥግ ትልቅ ባህር ዛፍ አለ፣ ጭልፊት ጎጆ ሰርታበታለች። እስከዛሬ ምንም አላደረገችንም፣ እንደውም ጠዋት ጠዋት ድምጿን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ባለፈው እሁድ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገብተን በሬው እኛ ግቢ ታረደ፣ እጣ ወጥቶ ሁሉም መደቡን ካነሳ በኋላ የ6 ዓመት ልጄን ትንሽ ስጋ በሳህን ሰጥቼ ለአያትህ አድርስ ብዬ ላክሁት፣ በሩ ጋ ሳይደርስ ከኋላው መጥታ ላፍ! ክንፏ ጉንጩን መታው፣ ሳህኑ ወደቀ፣ አውራ ጣቱን ሁለት ቦታ ቧጨረችው። አሁን ልጁ ሰማዩን ቀና ብሎ ሳያይ ከቤት አይወጣም፣ ትናንት ሽንት ቤት ለመሄድ ጃንጥላ ይዞ ወጣ። ባለቤቴ ዛፍ ቆራጭ ሊያመጣ ነው። እኔ ግን በረንዳ ላይ ቆሜ ሳይ ጫጩቶቿ አንገታቸውን ብቅ ያደርጋሉ፣ ከጎጆው ጠርዝ ደሞ ከገመድ ላይ የጠፋብኝ የናቲ ቀይ ካልሲ ተንጠልጥሏል። አንጀቴ አልችል አለ። ቁስሉስ የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣል እንዴ?

ነርሷ፦
እግዜር ይማረው እህቴ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚይዘው አጥቢ እንስሳትን ነው፣ ከወፍ አይመጣም፣ በዚህ አትጨነቂ። ግን ያ ጥፍር ጥንብም ቆሻሻም ሲረግጥ የዋለ ነው፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ደጋግመሽ እጠቢው፣ የክትባት ካርዱን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና የቴታነስ መርፌ ያስፈልገው እንደሆነ ይዩልሽ። ከቀላ ወይ ካበጠ ደሞ ዛሬ ነገ አትበይ።

የሀዋሳ ልጅ፦
እኔ ያደኩት አሞራ ገደል አሳ ገበያው አጠገብ ነው፣ አባ ኮዳውም ጭልፊቱም የአሳ አንጀት ሲጠብቁ ነው የሚውሉት። ጭልፊት ልጁን ብላ አይደለም የመጣችው፣ እጁ ላይ ያለውን ነው ያየችው፣ ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው የምትመጣው፣ በእግሯ ትይዝና እየበረረች ትበላዋለች። የታረደ ቀን አንጀቱና ፈርሱ ግቢ ውስጥ ተዘርግቶ ከዋለ ደሞ እናንተ ናችሁ የጠራችኋት። መንቁሯ ቢጫ ከሆነ የዚሁ የአፍሪካዋ ናት፣ በበጋ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ጥቁር መንቁር ያላቸው እዚህ አይፈለፍሉም። እንቁላሉን ወር ያህል ትታቀፋለች፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ደሞ ወር ተኩል ግድም ነው፣ አንገታቸው ከታየሽ ብዙ አልቀራቸውም። አሁን ዛፉ ቢቆረጥ ከነነፍሳቸው መሬት ላይ ነው የሚፈጠፈጡት፣ እባክሽ ባልሽን ለምኚልን።

ዶሮ አርቢ ቢሾፍቱ፦
ሁላችሁም አዘናችሁላት፣ እኔ ከ11 ጫጩት 7ቱን በሁለት ሳምንት ጨርሳብኛለች፣ እናቲቱ ዶሮ ድምጿን ቀይራ ስትጮህና ክንፏን ስትዘረጋ ሳይ ዱላ ይዤ እሮጣለሁ ግን ማን ሊደርስባት። በኋላ ከላይ በሽቦ ወንፊት ሸፈንኩት፣ ከዛ ወዲህ አንድ አልጠፋም። ልጅሽንም ስጋ በክዳን እቃ ስጪው፣ ዳቦም ቢሆን ውጪ እየበላ አይሂድ። ጫጩቶቹ ከበረሩ በኋላ ግን ጎጆውን ብታስወርዱት ይሻላል ባይ ነኝ፣ ካልሆነ ተመልሳ እዛው ነው የምትሰራው።

እመ ናቲ፦
ኡፍ አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጤና ጣቢያ ወስጄው ክትባቱ የተሟላ ስለሆነ ቁስሉን ብቻ አጥበው ሸኙን። አንጀቱ እውነት ነው፣ እሁድ ከቧንቧው ስር እስከ ማታ ተቀምጦ ነበር፣ እኔው ነኝ ነገ ይቀበራል ያልኩት፣ አሁን ቀብረነዋል። የሀዋሳውን ልጅ መልስ ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰምቶ እስኪበሩ ድረስ ብቻ ነው የምታገሰው አለ፣ ለቆራጩም ደውሎ አስቀርቶታል። ናቲ ጃንጥላውን ገና አልተወም፣ ግን ዛሬ ከሱ ስር ሆኖ ካልሲዬን መቼ ነው የምትመልስልኝ ብሎ ጠየቀኝ።