ለገና 15 እንግዳ፦ ድፎ፣ ቶርታ ወይስ ሌላ?

ባለጓዳ (ጠያቂ)
ለገና 15 ሰው ይመጣል፣ አራቱ ልጆች ናቸው። ምሳው ዶሮ ወጥ ነው። ድፎ ዳቦ፣ ባለ ቅቤ ክሬም ቶርታና አንድ ቀዝቃዛ ጣፋጭ አስቤያለሁ። ያለኝ ግን አንድ የኤሌክትሪክ ኦቭን ብቻ ነው። ደግሞ ከዩቲዩብ አይቼ የምሠራው ኬክ ሁሉ ኩፍ ይልና ኋላ መሀሉ ይሰምጣል። ቤቴ አዲስ አበባ ነው። ምኑን ልያዝ፣ ምኑን ልተው?

ኮባና እርሾ
እህቴ፣ ድፎውን አትንኪው፣ የበዓሉ ዳቦ እሱ ነው። ለ15 ሰው 1.5 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት ይበቃል። 15 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 25 ግራም ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድና የተፈጨ ድንብላል አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ። ለብ ያለ ውሃ 900 ሚሊ ሊትር አድርጊና ዱቄቱ ከጠየቀ እስከ 1 ሊትር ድረስ ጠብ እያደረግሽ ጨምሪ። የድፎ ሊጥ እጅ ላይ ትንሽ ይጣበቃል። ያንን ፈርተሽ ዱቄት ከደረብሽበት በማግስቱ ይፈረፈራል።

ኮባውን አጥበሽ የመሀሉን ወፍራም ዘንግ ላጪለት፣ ከዚያ እሳት ላይ ቶሎ ቶሎ አሳልፊው። ጥሬውን ካጠፍሽው ይሰነጠቃል፣ ሊጡ በስንጥቁ ወርዶ ብረቱን ይይዛል። 36 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መጋገሪያ ላይ አነባብረሽ አንጥፊ። ሊጡን ገልብጠሽ ዳግመኛ ኩፍ ካለ በኋላ በ180 ዲግሪ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ይጋገራል። ላዩን የሸፈንሽበትን ኮባ በ30ኛው ደቂቃ አንሺው፣ አለዚያ ፊቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጀርባውን ስትመቺው ከበሮ ከበሮ ካለ በስሏል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ አሳድሪው። ትኩሱን ከቆረጡት ውስጡ ሊጥ ሊጥ ይላል።

በሚዛን
ኬክሽ የሚሰምጠው ሙያ አንሶሽ አይደለም። የምታይው አሠራር ለቆላ፣ ለባሕር ጠረፍ አገር የተለካ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ከልክ በላይ ይነፋዋል፣ ዱቄቱና እንቁላሉ ሳይረጉ ላይ ይደርስና ይወድቃል። ቤኪንግ ፓውደሩን በሲሶ ቀንሺ፣ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ አጉድዪ፣ ፈሳሹን 2 የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ፣ ኦቭኑን 10 ዲግሪ ከፍ አድርጊ። 30 ደቂቃ ሳይሞላ በሩ አይከፈት።

ባለ ቅቤ ክሬሙን ግን ተዪው። ከዶሮ ወጥ በላይ ማን ይበላዋል? ላዩ ላይ የገና አባት ፊት ቢሳልበትም ልጆቹ ፊቱን ልሰው ነው የሚተዉት። የብርቱካን ኬክ ሥሪ፦ 250 ግራም ዱቄት፣ 170 ግራም ስኳር፣ 3 እንቁላል፣ 120 ሚሊ ዘይት፣ 150 ሚሊ የብርቱካን ጭማቂ፣ የሁለት ብርቱካን የተፈቀፈቀ ልጣጭ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። ይህ ለአዲስ አበባ የተስተካከለ ነው፣ ደግመሽ አትቀንሺበት። በ185 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል። የምትጾሚ ከሆነ ዋዜማ ላይ እንቁላል ያለበት ሊጥ ስለማይቀመስ በዓይን ግምት አትሥሪ፣ መዝኚ።

ጣፋጭ ወዳድ
ለቀዝቃዛው ክሬም ካራሜል። 150 ግራም ስኳር ብቻውን አቅልጠሽ የጠቆረ ሻይ ሲመስል ዕቃው ውስጥ አፍሺው። ከዚያ ካለፈ ይመራል። 1 ሊትር ወተት ከ180 ግራም ስኳር ጋር ለብ አድርጊ፣ 8 እንቁላል አረፋ ሳታወጪ በጥብጠሽ ቀላቅዪና አጥልዪው። ዕቃውን እስከ ግማሹ ሙቅ ውሃ ባለበት ትሪ ውስጥ አስቀምጠሽ በ160 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያህል። ጠርዙ ረግቶ መሀሉ ሲንቀጠቀጥ አውጪው። ውስጡ እንደ ስፖንጅ ከተበሳሳ ውሃው ፈልቷል ማለት ነው። ፍሪጅ ይደር፣ የሚገለበጠው ሊቀርብ ሲል ብቻ ነው።

የዲሲዋ
ውጭ አገር ላላችሁ፦ ኮባ ካጣችሁ የእስያ ሱቆች ፍሪዘር ውስጥ በረዶ የሠራ የሙዝ ቅጠል ይሸጣሉ፣ በረዶውን በደንብ አቅልጣችሁ ውሃውን አድርቁት። ዲሲ ዝቅተኛ ስለሆነች ቤኪንግ ፓውደሩን አትቀንሱ፣ ለብርቱካን ኬኩም ሁለት ከሩብ የሻይ ማንኪያ አድርጉ። ጃንዋሪ 7 የሥራ ቀን ከሆነባችሁ ድፎውን ቀድማችሁ ጋግሩ፣ ሲበርድ ቆርጣችሁ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር አስገቡት።

ባለጓዳ
ቶርታው ቀረ። የኦቭኑ ተራ እንዴት ይሁን?

በሚዛን
ካራሜሉ 27 ማታ፣ ኬኩ 28 ጠዋት፣ ድፎው 28 ከሰዓት። ድፎውን ወደ ማታ አትግፊው፣ መብራት ከጠፋ ሊጡ ተራ አይጠብቅሽም፣ ኩፍ ብሎ ይኮመጥጣል። 29 ጠዋት ለኦቭኑ ምንም አታስቀሪ።